ማትሪክስ በአንድ ገጽ፦ የራስን ማጣቀሻ ወረቀት እየሠሩ መማር

የማትሪክስ ሕጎች ብዙ አይደሉም፤ ሁሉም ተጠቃለው በአንድ ኤፎር ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። ይሁንና የሌላ ሰው ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጎ የያዘ ተማሪ ጥያቄው ሲመጣ የትኛውን መስመር መቼ እንደሚጠቀም ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ስሌት በትንሽ ምሳሌ በእጅ መሥራት፣ ከዚያ ሕጉን ከነምሳሌው ወረቀቱ ላይ ማስፈር። መመሪያው በ11ኛ ክፍል ማትሪክስ ለጀመረ፣ በዩኒቨርሲቲ ሊኒየር አልጀብራ ለሚወስድ፣ እንዲሁም ትምህርቱን ረስቶ አሁን ለሥራ ለሚፈልገው ሁሉ ይሆናል። በቀን አንድ ሰዓት ከተሠራበት አራት ወይም አምስት ምሽት ይበቃዋል።

የሚያስፈልገው ባለካሬ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና አንድ ነጭ ወረቀት ነው። ባለካሬው ደብተር ለውበት አይደለም። ቁጥር ከዓምዱ ተንሸራትቶ ጎረቤቱ ስር ሲገባ የሚፈጠረው ስህተት ከመደመርና ከማባዛት ስህተት ይልቅ ይበዛል። ለአንድ ቁጥር አንድ ካሬ ይስጡት፤ የመቀነስ ምልክቱም ከቁጥሩ ጋር እዚያው ካሬ ውስጥ ይግባ።

1. መጠኑን ከስሩ መጻፍ

ማትሪክስ በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ረድፍ አግድም ይሄዳል፤ ዓምድ እንደ ቤት ምሰሶ ይቆማል። መጠኑ ሲነገር ሁልጊዜ ረድፉ ይቀድማል፤ 2×3 ማለት ሁለት ረድፍና ሦስት ዓምድ ነው። ሀ₂₃ ሲባልም በማትሪክስ ሀ ውስጥ 2ኛው ረድፍ ላይ 3ኛው ዓምድ ውስጥ ያለው ቁጥር ማለት ነው።

ማንኛውንም ስሌት ከመጀመርዎ በፊት በየማትሪክሱ ስር መጠኑን በእርሳስ ይጻፉ። አምስት ሰከንድ ቢወስድ ነው። ለመደመርና ለመቀነስ ሁለቱ መጠኖች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ የ2×3 እና የ3×2 ድምር የሚባል ነገር የለም። በአንድ ቁጥር ማባዛት ግን ለሁሉም ይሠራል፤ ቁጥሩ እያንዳንዱን ካሬ ያባዛል። ስለ መደመር ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

2. ማባዛት፦ ረድፍ በዓምድ

ሁለት ሱቆች ስኳር፣ ዘይትና ሩዝ ሊገዙ ነው እንበል። የሚፈልጉት መጠን ሀ ነው፤ ረድፎቹ ሱቆቹ፣ ዓምዶቹ ዕቃዎቹ ናቸው።

ሀ (2×3) =
[ 10  4  6 ]
[  5  8  3 ]

ዋጋው ደግሞ ለ ነው። እዚህ ረድፎቹ ዕቃዎቹ፣ ዓምዶቹ ሁለት አከፋፋዮች ናቸው። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ ስኳርና ሩዝ በኪሎ፣ ዘይት በጀሪካን።

ለ (3×2) =
[ 120  115 ]
[ 900  920 ]
[ 110  100 ]

መጠኖቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ 2×3 እና 3×2። መሐል ላይ የተገናኙት ሁለቱ 3ቶች እኩል ስለሆኑ ማባዛት ይቻላል፤ ዳርና ዳር የቀሩት 2 እና 2 የመልሱን መጠን ይነግሩናል። ይህ ሕግ ያለ ምክንያት አልመጣም። መሐል ያሉት 3ቶች ስኳር፣ ዘይትና ሩዝ ናቸው፤ ኪሎው በኪሎ ዋጋው እንዲባዛ በሁለቱም ሠንጠረዥ ላይ ያው ዕቃ በያው ተራ መሰለፍ አለበት። አንዱ ሠንጠረዥ «ስኳር፣ ዘይት፣ ሩዝ» ብሎ ሌላው «ስኳር፣ ሩዝ፣ ዘይት» ቢል መጠኑ ይገጥማል፣ ስሌቱም ያልቃል፤ መልሱ ግን ከንቱ ነው። ሥራ ላይ ሰው የሚሸወደው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩም ቢሆን ይህን አይቶ አያስጠነቅቅም።

የግራ እጅዎን ጣት በሀ 1ኛ ረድፍ ላይ፣ የቀኝዎን በለ 1ኛ ዓምድ ላይ ያድርጉ። ግራው ወደ ጎን ሲሄድ ቀኙ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያገኙትን እያባዙ ይደምሩ።

10×120 + 4×900 + 6×110 = 1200 + 3600 + 660 = 5460

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፦

ሀለ (2×2) =
[ 5460  5430 ]
[ 8130  8235 ]

1ኛው ሱቅ 2ኛው አከፋፋይ ዘንድ ቢሄድ ይረክስለታል፤ 2ኛው ሱቅ ደግሞ 1ኛው ዘንድ። ዘይት የሚያበዛ ሱቅና ስኳር የሚያበዛ ሱቅ አንድ አከፋፋይ አይስማማቸውም ማለት ነው።

መልሱን ያለ ካልኩሌተር ማረጋገጫ አለ። የሀን ረድፎች ወደ ታች ይደምሩ፦ 15፣ 12፣ 9። ይህን ድምር በለ 1ኛ ዓምድ ያባዙ፦ 15×120 + 12×900 + 9×110 = 13590። የመልሱ 1ኛ ዓምድ ሲደመርም 5460 + 8130 = 13590 ይሆናል። 2ኛው ዓምድ በሁለቱም መንገድ 13665 ይመጣል። ካልገጠመ ስህተቱ ያለው በዚያው ዓምድ ውስጥ ስለሆነ ሁሉንም እንደገና መሥራት አያስፈልግም።

3. ከቁጥር አልጀብራ ይዘን የመጣነው ልማድ የሚሰበርበት ቦታ

ከወረቀቱ ላይ በቀይ የሚጻፈው ይህ ክፍል ነው። አንዱን ምሳሌ ይሥሩት፦

ሐ =
[ 1  2 ]
[ 3  4 ]

መ =
[ 0  1 ]
[ 1  0 ]

ሐመ =
[ 2  1 ]
[ 4  3 ]

መሐ =
[ 3  4 ]
[ 1  2 ]

ሐመ እና መሐ አንድ አይደሉም። መ ከቀኝ ሲገባ የሐን ዓምዶች አቀያየረ፤ ከግራ ሲገባ ረድፎቹን። ከግራ የሚገባ ረድፍን፣ ከቀኝ የሚገባ ዓምድን ይነካል፤ ይህን የያዘ ሰው ብዙ ሕጎችን መሸምደድ አያስፈልገውም። አንድን የማትሪክስ እኩልነት በግራ ካባዙት ሁለቱንም ወገን በግራ፣ በቀኝ ካባዙት ሁለቱንም በቀኝ የሚያባዙትም ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው (ሐ+መ)² = ሐ² + ሐመ + መሐ + መ² ነው። መካከለኛዎቹን ሰብስቦ 2ሐመ ማለት አይቻልም።

ማቃለልም ይሰበራል። ይህን ይመልከቱ፦

[ 1  2 ]   [  2  −4 ]   [ 0  0 ]
[ 2  4 ] × [ −1   2 ] = [ 0  0 ]

አንዳቸውም ዜሮ አይደሉም፤ ብዜታቸው ግን ዜሮ ነው። ስለዚህ ሀለ = ሀሐ ስለሆነ ብቻ ለ = ሐ ማለት አይቻልም። ይህን ለማለት ሀ ኢንቨርስ (ብዜቱን የሚቀለብስ ማትሪክስ፤ ክፍል 6) ያለው መሆን አለበት።

ትራንስፖዝ ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ ማድረግ ነው፤ እዚህ በጭረት እናመለክተዋለን (ሀ′)። ለብዜት ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ (ሀለ)′ = ለ′ሀ′። ያልተገለበጠውን ከጻፉ ብዙ ጊዜ መጠኑ ራሱ አልገጥም ብሎ ያጋልጥዎታል፤ መጠን ጻፉ ያልነው ለዚህም ጭምር ነው።

4. ማስወገድ፦ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጠው

ከማትሪክስ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ መርጠህ አጥብቀህ ያዝ ቢባል የጋውስ ማስወገጃ ነው። ኢኩዌሽን የሚፈታው፣ ዲተርሚናንት የሚሰላው፣ ኢንቨርስ የሚገኘው፣ ራንክ የሚቆጠረው በእሱ ነው። ዘዴው በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በጋውስ ስም ይጠራ እንጂ በቻይና ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት ይሠራበት ነበር፤ «ማትሪክስ» የሚለውን ስም እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሲልቬስተር ያወጣው ግን በ1850 እ.ኤ.አ. ነው። ስሌቱ ከስሙ በብዙ ይበልጣል።

ሦስት የማይታወቁ ቁጥሮች ቀ፣ በ፣ ተ አሉን፦

ቀ + 2በ − ተ = 2
2ቀ + 3በ + ተ = 11
3ቀ + በ + 2ተ = 11

ፊደሎቹን ትተን ቁጥሮቹን ብቻ እንደርድር። ከቀኝ ጫፍ ግን አንድ ተጨማሪ ዓምድ እንጨምራለን፤ የረድፉ ቁጥሮች ሁሉ ድምር። ይህ የማረጋገጫ ዓምድ በእጅ ይሰላ በነበረበት ዘመን የተለመደ ነበር፤ ዛሬ የሚያስተምረው ጥቂት ሰው መሆኑ ያሳዝናል።

ረ1፦ [ 1  2  −1 | 2 ]  ድምር 4
ረ2፦ [ 2  3   1 | 11 ]  ድምር 17
ረ3፦ [ 3  1   2 | 11 ]  ድምር 17

የተፈቀዱት እርምጃዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሁለት ረድፍ ማቀያየር፣ አንድን ረድፍ ዜሮ ባልሆነ ቁጥር ማባዛት፣ በአንዱ ረድፍ ላይ የሌላውን ብዜት መጨመር። የድምር ዓምዱም ልክ እንደ ሌሎቹ ቁጥሮች አብሮ ይሰላል።

ከ1ኛው ዓምድ እንጀምር። ረ1 (1ኛው ረድፍ) ላይ ያለው 1 ፒቮት፣ ማለትም ከስሩ ያሉትን የምናጠፋበት ቁጥር ነው፤ ከስሩ ያሉትን 2 እና 3 እናጥፋ።

ረ2 + (−2)ረ1፦ [ 0  −1  3 | 7 ]  ድምር 17 − 8 = 9
ረ3 + (−3)ረ1፦ [ 0  −5  5 | 5 ]  ድምር 17 − 12 = 5

አሁን ያረጋግጡ። −1 + 3 + 7 = 9፤ ገጠመ። −5 + 5 + 5 = 5፤ ገጠመ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ፒቮቱ −1 ነው።

ረ3 + (−5)ረ2፦ [ 0  0  −10 | −30 ]  ድምር 5 − 45 = −40

−10 እና −30 ሲደመሩ −40፤ ገጠመ። ከታች ወደ ላይ እንመለስ። −10ተ = −30፣ ስለዚህ ተ = 3። −በ + 9 = 7፣ ስለዚህ በ = 2። ቀ + 4 − 3 = 2፣ ስለዚህ ቀ = 1። መልሱን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ኢኩዌሽኖች ውስጥ ተክተው ይዩት፤ በአንዱ ብቻ መሞከር አይበቃም።

«ቀንስ» ከማለት ይልቅ ሁልጊዜ «ጨምር» ብለው ይጻፉ፤ ረ2 − (−3)ረ1 የሚል መስመር ሲገጥም ምልክቱ የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው። በአንድ መስመር ሁለት እርምጃ አይደርቡ። ፒቮቱ ዜሮ ሆኖ ካገኙት ከስሩ ዜሮ ያልሆነ ካለው ረድፍ ጋር ያቀያይሩ፤ ከስሩም ሁሉም ዜሮ ከሆነ ወደሚቀጥለው ዓምድ ይለፉ። የማረጋገጫው ዓምድ አንድ ነገር አይይዝም፤ በተሳሳተ ቁጥር ያባዙት ረድፍ ድምሩ ይገጥማል። ያኔ የሚያስታውቀው ከፒቮቱ ስር ዜሮ አለመምጣቱ ነው።

መጨረሻ ላይ [ 0  0  0 | 5 ] የሚል ረድፍ ከመጣ መፍትሔ የለም፤ ዜሮ አምስት ነው እያለ ነውና። [ 0  0  0 | 0 ] ከመጣ ደግሞ ያ ኢኩዌሽን አዲስ ነገር አልተናገረም ማለት ነው። ሌላ የሚጋጭ ረድፍ ከሌለና የፒቮቶቹ ቁጥር ከማይታወቁት ካነሰ መፍትሔው ቁጥር ስፍር የለውም። የፒቮቶቹ ብዛት ራሱ ራንክ ይባላል።

5. ዲተርሚናንት

ዲተርሚናንት ከማትሪክስ የሚሰላ አንድ ቁጥር ነው፤ የሚሰላውም ካሬ (ረድፉና ዓምዱ እኩል) ለሆነ ማትሪክስ ብቻ ነው። ለ2×2 የዋናው ዳያጎናል (ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች የሚወርደው ሰያፍ) ብዜት ሲቀነስ የሌላኛው ዳያጎናል ብዜት፦ [ 4  7 ; 2  6 ] ከሆነ 4×6 − 7×2 = 10። በዚህ ጽሑፍ ነጠላ ሰረዙ ከነነጥቡ (;) አዲስ ረድፍ መጀመሩን ያሳያል።

ለ3×3 በረድፍ መዘርዘር ይቻላል፤ እያንዳንዱ የረድፉ ቁጥር የራሱ ረድፍና ዓምድ ሲሸፈኑ በሚቀረው 2×2 ዲተርሚናንት ይባዛል። ምልክቶቹ እንደ ዳማ ገበታ ይፈራረቃሉ፦ + − + ፤ − + − ፤ + − +። ዜሮ የበዛበትን ረድፍ ወይም ዓምድ ይምረጡ። በክፍል 4 የሠራነው 3×3 ማትሪክስ በ1ኛው ረድፍ ሲዘረዘር 1×(6 − 1) − 2×(4 − 3) + (−1)×(2 − 9) = 5 − 2 + 7 = 10 ይሆናል። በማስወገድ ያገኘናቸውን ፒቮቶች ብናባዛም 1×(−1)×(−10) = 10። ሁለቱ መንገዶች መግጠማቸው የሚያስደስት ማረጋገጫ ነው።

ሁለት ዓምድ በቀኝ በኩል ደግሞ ጽፎ በሰያፍ የማባዛቱ ዘዴ ለ3×3 ብቻ ይሠራል። ለ4×4 ሲሞከር ከሚያስፈልጉት 24 ብዜቶች 8ቱን ብቻ ያነሳና የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ለ5×5 ብዜቶቹ 120 ናቸው፤ ለ10×10 ደግሞ 3,628,800። ስለዚህ ከ3×3 በላይ በማስወገድ ብቻ ይሥሩ። ረድፍ ባቀያየሩ ቁጥር ምልክቱ ይገለበጣል፤ ረድፍን በ5 ካባዙ ዲተርሚናንቱም በ5 ይባዛል፤ የሌላ ረድፍ ብዜት መጨመር ግን ምንም አይለውጠውም። ሙሉው 3×3 ማትሪክስ በ2 ሲባዛ ዲተርሚናንቱ በ2 ሳይሆን በ8 ይባዛል፤ ሦስቱም ረድፍ ተባዝቷልና።

6. ኢንቨርስ

ለ2×2፦ ዋናውን ዳያጎናል ያቀያይሩ፣ የሌሎቹን ሁለት ምልክት ይለውጡ፣ ለዲተርሚናንቱ ያካፍሉ።

[ 4  7 ; 2  6 ] ኢንቨርሱ (1/10) × [ 6  −7 ; −2  4 ]

1/10ን እስከ መጨረሻው ከውጭ ይተዉት፤ ወደ ውስጥ ከገባ አራት ክፍልፋይ ተሸክመው መሄድዎ ነው።

ለ3×3 ከማትሪክሱ ቀኝ አይደንቲቲውን (ዋናው ዳያጎናል ላይ 1፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ የሆነውን ማትሪክስ) ይጻፉና ግራው አይደንቲቲ እስኪሆን ያስወግዱ፤ ቀኙ ኢንቨርሱ ይሆናል። የማረጋገጫ ዓምዱን እዚህም ይጨምሩ፤ ረድፉ ስድስት ቁጥር ስላለው ከምንጊዜውም በላይ ይጠቅማል። በመሐል አንድም የዓምድ እርምጃ እንዳይገባ። ግራው በኩል ሙሉ የዜሮ ረድፍ ከመጣ ኢንቨርስ የለውምና እዚያው ያቁሙ።

(ሀለ)⁻¹ = ለ⁻¹ሀ⁻¹ ነው። በቅሎ ላይ መጀመሪያ ኮርቻው ይጫናል፣ ከዚያ ሰው ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ሰውየው ይወርዳል፣ ከዚያ ኮርቻው ይራገፋል።

ኢኩዌሽን ለመፍታት ብለው ግን ኢንቨርስ አይፈልጉ። መጠኑ ከፍ ሲል ኢንቨርስ ማስላት ከማስወገድ ሦስት እጥፍ ገደማ ሥራ ይፈጃል፤ በማጠጋጋት የሚመጣውም ስህተት ብዙውን ጊዜ ይብሳል።

7. ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው

የወረቀቱን ግራ ግማሽ ለሕግ፣ ቀኙን ለራስዎ ምሳሌ ይከፋፍሉት። በግራ በኩል ይህን ያህል ይበቃል፦

መደመር፦ መጠን እኩል
ማባዛት፦ (ረድፍ×መሐል)(መሐል×ዓምድ) → ረድፍ×ዓምድ
ሀ(ለሐ) = (ሀለ)ሐ ፤ ሀ(ለ+ሐ) = ሀለ + ሀሐ
በቀይ፦ ሀለ ≠ ለሀ ፤ ሀለ = 0 ቢሆንም ሀም ለም ዜሮ ላይሆኑ ይችላሉ
(ሀለ)′ = ለ′ሀ′ ፤ (ሀለ)⁻¹ = ለ⁻¹ሀ⁻¹ ፤ (ሀ′)⁻¹ = (ሀ⁻¹)′
ዲት(ሀለ) = ዲት(ሀ)×ዲት(ለ) ፤ ዲት(ሀ′) = ዲት(ሀ) ፤ ዲት(ሀ⁻¹) = 1/ዲት(ሀ)
በቀይ፦ ዲት(ሀ+ለ) ቀመር የለውም
ዲት = 0 → ኢንቨርስ የለም፣ መፍትሔው ወይ የለም ወይ ብዙ ነው

በቀኙ ወገን ከላይ ያሉትን ምሳሌዎች አይገልብጡ፤ በራስዎ ቁጥር ይሥሩ። ጥሩ ምሳሌ ለማግኘት ከመልሱ ይነሱ፦ ቀ፣ በ፣ ተን መጀመሪያ ይምረጡና ኢኩዌሽኑን ከእነሱ ይገንቡ። ወረቀቱ ዝግጁ ሲሆን አንድ ሳምንት ገልብጠው እያስቀመጡ ይሥሩ፤ ሁለት ጊዜ ገልጠው ያዩትን መስመር ምልክት ያድርጉበት። ልምምድ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

8. ወደ ማሽን ሲሄዱ

የካሲዮ ካልኩሌተሮች 991ኢኤስ ፕላስ እስከ 3×3፣ 991ኢኤክስ እስከ 4×4 ይሠራል። በኤክሴል የማባዣው ፋንክሽን ኤም‑መልት ነው። አሮጌው ኤክሴል ላይ መጀመሪያ የመልሱን ቦታ በሙሉ (ለሱቆቹ ምሳሌ 2×2) መርጠው ቀመሩን ከጻፉ በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተርን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ኢንተር ብቻ ከተጫኑ አንድ ቁጥር ብቻ ይመጣል። የኮከብ ምልክቱ በኤክሴልም ሆነ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ናምፓይ ላይብረሪ ካሬ በካሬ ነው የሚያባዛው። ሁለቱም ማትሪክስ 2×2 ከሆኑ ስህተት ነው ሳይልዎት የተሳሳተ መልስ ይሰጥዎታል። በናምፓይ ለእውነተኛው ብዜት የኢሜይል አድራሻ ላይ ያለውን አት ምልክት ይጠቀሙ። ማትላብ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ተቃራኒው ነው፤ ኮከቡ እውነተኛው ብዜት ሲሆን ካሬ በካሬው ነጥብ ይቀድመዋል።

[ 1  2  3 ; 4  5  6 ; 7  8  9 ] ዲተርሚናንቱ ልክ ዜሮ ነው፤ 1ኛውና 3ኛው ረድፍ ሲደመሩ የ2ኛው እጥፍ ይሆናሉ። ኮምፒውተር ግን ከዜሮ በጥቂቱ የራቀ፣ ከአስራ አምስት ዜሮ በኋላ የሚጀምር ቁጥር ሊሰጥዎ፣ አልፎም ግዙፍ ቁጥሮች የሞሉበት «ኢንቨርስ» ሊያወጣልዎ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ግዙፍ ቁጥር ሲያዩ ረድፎቹን ይመርምሩ።

ዲተርሚናንቱ ዜሮ ሳይሆንም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ቀ + በ = 2 እና ቀ + 1.0001በ = 2.0001 ቢባል መልሱ ቀ = 1፣ በ = 1 ነው። 2.0001ን 2.0002 ያድርጉት፤ መልሱ ቀ = 0፣ በ = 2 ይሆናል። ቁጥሮቹ ከመለኪያ የመጡ ከሆኑ የአንዱን የመጨረሻ አሃዝ በአንድ ለውጠው እንደገና ይፍቱ። መልሱ እንዲህ ከዘለለ ሌላ ሶፍትዌር መቀየር አይረዳም፤ ወይ የተሻለ መለኪያ ወይ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የማይመሳሰል ሌላ ኢኩዌሽን ያስፈልጋል።